የጣሪያው ፀሐይና የመብራት ቢሉ

[የመግቢያ ሙዚቃ]

ሚያዝያ እየተገባደደ ነው። ከእንግዲህ የሚመጡትን ወራት የጅቡቲ ከተማ ነዋሪ ሁሉ ይፈራቸዋል፤ ሙቀቱን ብቻ ሳይሆን ሙቀቱን ተከትሎ የሚመጣውን የመብራት ቢልም ጭምር። የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ቤት ውስጥ ኤሌክትሪክን ስለመቆጠብ ነው። ገንዘብ ያለውም የሌለውም፣ ባለቤቱም ተከራዩም የድርሻውን እንዲያገኝበት አድርገን አዘጋጅተነዋል።

አዲስ አበባ፣ ጎንደር ወይም ደሴ ላደገ ሰው ስለ ኃይል ቁጠባ የሚነገረው ምክር አንድ ነው፤ «ከክፍል ስትወጡ መብራት አጥፉ» ይባላል። መልካም ምክር ነው፣ ግን ጅቡቲ ላይ ሩቅ አያደርስም። ለምን እንደሆነ በሒሳብ እንየው። ማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ በጀርባው ወይም በታቹ ዋቱ ተጽፎበታል። ዋቱን ዕቃው በሚሠራበት ሰዓት አባዙት፣ ከዚያ ለ1000 አካፍሉት። የሚመጣው ኪሎ ዋት ሰዓት ይባላል፤ ቆጣሪያችሁ የሚቆጥረውም እሱን ነው። 9 ዋት የሆነ የኤልኢዲ አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ ገና 0.045 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ኮምፕሬሰሩ ሲሠራ 1200 ዋት የሚስብ ኤሲ ደግሞ ለ8 ሰዓት ሙሉ ቢሠራ 9.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳል። አንድ ሌሊት ኤሲው የበላው ያንን አምፖል ሰባት ወር ያበራል ማለት ነው። ስለዚህ እዚህ ከተማ ቁጠባ የሚጀምረው ከአምፖሉ አይደለም። ኤሌክትሪካችንን የሚጨርሰው ሙቀትን ማባረር ነው፤ መቆጠብ የሚፈልግ ሰውም መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሙቀቱ በየት በኩል ነው ቤቴ የሚገባው?» ብሎ ነው።

ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ስለ ኤሌክትሪኩ ራሱ ጥቂት እንበል፤ ምክንያቱም እኛን ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ ይመለከተናል። ጅቡቲ ለረጅም ዓመታት መብራቷን የምታገኘው በነዳጅ ከሚሠሩት ከቡላኦስና ከማራቡት ጣቢያዎች ነበር። ነዳጁ ሁሉ በመርከብ ተጭኖ የሚመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ከድሬዳዋ የተዘረጋው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር ሥራ ጀመረና በኢትዮጵያ ግድቦች ላይ የሚመነጨው ኃይል በረሃውን አቋርጦ እዚህ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ደግሞ በጉቤት፣ ከአሳል ሐይቅ አቅራቢያ፣ 17 ተርባይኖች ያሉት የ60 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ጣቢያ ተመርቋል። እንደዚያም ሆኖ ሐምሌ ላይ ሁሉም ሰው በቀትር ኤሲውን ሲከፍት ፍላጎቱ ጣሪያ ይነካል፤ የጎደለውን የሚሞላው ውዱ ነዳጅ ነው። በዚያ ሰዓት አንድ ቤት የሚቆጥበው ለራሱ ቢል ብቻ ሳይሆን ለአገሩም ይቆጠራል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ፤ ሙቀቱ በየት በኩል ይገባል?

በጣሪያ። ጅቡቲ ከምድር ወገብ ብዙም አትርቅም። በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ በቀትር ፀሐይዋ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ በመካከሉ ባሉት በሰኔና በሐምሌም ጥቂት ወደ ሰሜን ዘንበል ከማለት በቀር ከአናታችን አትርቅም። በእነዚህ ወራት የደቡቡ ግድግዳ ፀሐይ አይነካውም ማለት ይቻላል። ጠዋት የምሥራቁ ግድግዳ ይመታል፣ ከሰዓት በኋላ የምዕራቡ፤ ጣሪያው ግን ቀኑን ሙሉ ይቀበላል። እንግዲህ ለቤታችሁ የምታወጡት ገንዘብ ትንሽ ከሆነ መጀመሪያ ጣሪያው ላይ፣ ቀጥሎ የምዕራቡ ግድግዳ ላይ አውሉት። ብዙ ሰው መጋረጃ በመግዛት ይጀምራል፤ እኔ ግን መጋረጃው ከጣሪያው በኋላ ቢመጣ እመርጣለሁ።

ጣሪያው ምን ይደረግለት? ነጭ ይሁን። ነጭ ነገር የፀሐይን ብርሃን አብዛኛውን ወደ ሰማይ ይመልሰዋል፤ የዛገ ቆርቆሮና የጠቆረ ሲሚንቶ ግን ይውጠዋል፣ የዋጠውንም ወደ ውስጥ ይለቀዋል። ጣሪያችሁ ሲሚንቶ ከሆነ በኖራ መቀባት ይበቃዋል። ኖራ ከቀለም ሁሉ ርካሹ ነው፣ አንድ ሰው በአንድ ማለዳ ሊቀባው ይችላል። ዝናብ እዚህ ጥቂት ስለሆነ ቶሎ አይታጠብም፤ ሆኖም አቧራ ስለሚያለብሰው በየዓመቱ ከሙቀቱ ወራት በፊት መድገም ያስፈልጋል። ስትቀቡ ዓይናችሁንና እጃችሁን ሸፍኑ፤ ኖራ ዓይን ያቃጥላል። ጣሪያችሁ ቆርቆሮ ከሆነ ግን ኖራ አልመክርም፤ የቆርቆሮውን ሽፋን ሊበላው ይችላል፣ ቶሎም ይላላጣል። ለቆርቆሮ የሚሻለው ለብረት የተሠራ ነጭ ቀለም ነው። ዋጋው ከኖራ ይበልጣል፣ ግን ዓመታት ይቆያል።

የቆርቆሮ ቤት ሌላም ነገር ይፈልጋል፤ ኮርኒስ። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍተት ይኑር፣ ክፍተቱም በሁለቱም ዳር ለአየር ክፍት ይሁን። ቆርቆሮው ያጋለው አየር በዳር በኩል ሾልኮ ይወጣል፣ እናንተ ላይ አይወርድም። በካርቶን መሥራት ቀላል እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ነገር ግን የኤሌክትሪክ ገመድ በሚያልፍበት ጣሪያ ስር ካርቶን መደርደር ቤቱን ለእሳት ማዘጋጀት ነው። ኮምፔንሳቶ ወይም ጂፕሰም ይሻላል። እሱም ካልተቻለ ከቆርቆሮው በላይ፣ በቋሚዎች ከፍ አድርጎ ሸራ ወይም ሰሌን መዘርጋት ይቻላል። ጥላው ከጣሪያው በላይ ሲሆን ቆርቆሮው ገና ሳይግል ፀሐይዋ ትቋረጣለች።

መስኮቱም በዚሁ ሕግ ነው የሚሄደው። ከውስጥ የተሰቀለ መጋረጃ ብርሃኑን ይከለክላል እንጂ ሙቀቱን ብዙም አይከለክልም፤ ፀሐይዋ መስታወቱን አልፋ ከገባች በኋላ ነው መጋረጃው የሚያገኛት። በውጭ በኩል የተሰቀለ ሰሌን፣ የእንጨት መዝጊያ ወይም ሸራ ግን ከደጅ ይመልሳታል። ምኒልክ አደባባይ አካባቢ ያሉትን የድሮ ሕንፃዎች ልብ ብላችሁ ተመልከቷቸው። ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1888 ተመሥርታ ስታድግ ግንበኞቹ ከባሕር በወጣ ኮራል ድንጋይ ወፍራም ግድግዳ ገነቡ፣ በኖራ ነጭ አደረጉት፣ ከፊቱ በረንዳ በቅስት ዘረጉ፣ መስኮቱን አየር በሚያሳልፍ የእንጨት መዝጊያ ሸፈኑት። ኤሲ በሌለበት ዘመን ሰው የኖረው እንዲህ ነበር። ዛሬ የሚሠሩት ቤቶች ባዶ ሲሚንቶና ትልልቅ መስታወት እየሆኑ መምጣታቸው በጣም ያሳዝነኛል፤ ግንበኛው ጥላውን የተወበትን ዋጋ ተከራዩ በየወሩ ይከፍለዋልና።

ቀጥሎ መስኮት መክፈትና መዝጋት። ደጋ አገር ያደግን ሁላችን «ቤቱ ታፈነ፣ አየር ይግባ» ብለን በቀትር መስኮት እንከፍታለን። እዚህ ግን ደንቡ ሌላ ነው፤ መስኮት የሚከፈተው የውጪው አየር ከውስጡ ሲቀዘቅዝ ነው። የድንጋይ ወይም የብሎኬት ቤት ውስጥ የምትኖሩ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ዝጉ፤ ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ሁሉንም ከፍታችሁ ግድግዳው ሌሊቱን እንዲቀዘቅዝ አድርጉ። የቆርቆሮ ቤት ግን በቀን ከውጭው ይብስ ስለሚግል መዝጋት ጉዳት ነው። ያንን ቀኑን ሙሉ ክፈቱት፣ በሁለት ተቃራኒ ወገን ነፋስ እንዲያልፍበት፤ ጥላውን ደግሞ ከውጭ አድርጉለት።

የጅቡቲ ሙቀት ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። በግንቦትና በመስከረም አየሩ እርጥብ ነው፣ ላብ ከሰውነት ላይ አይደርቅም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ግን ካምሲን የሚባለው ደረቅና ትኩስ ነፋስ ከበረሃው ይመጣል፤ ያን ጊዜ ላቡ ሳይታይ ይተናል። እርጥብ ጨርቅ ነፋስ በሚገባበት መስኮት ላይ መስቀል በካምሲን ጊዜ በጣም ይረዳል፤ ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። በግንቦትና በመስከረም ይህንኑ ብታደርጉ ክፍሉን ይበልጥ ታፍኑታላችሁ። ላባችሁ ቶሎ ከደረቀ ጨርቁን አርጥቡ፤ ካልደረቀ ተዉት።

ቬንቲሌተርም ሁለት ጠባይ አለው። የሚስበው 60 ዋት ገደማ ስለሆነ ከላይ ካሰብነው ኤሲ ሃያ እጅ ያንሳል። ግን አየሩን አያቀዘቅዝም፤ የሚያቀዘቅዘው ሰውን ነው፣ ላቡን በማትነን። ስለዚህ ሰው በሌለበት ክፍል ቬንቲሌተር መክፈት ትርጉም የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረውም አለ፤ የክፍሉ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን ቬንቲሌተር ሰውነትን ያሞቀዋል። በካምሲን ቀትር፣ በተለይ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ አዛውንትንና ሕፃናትን ከቬንቲሌተር ፊት አስቀምጦ «ቀዘቀዘላቸው» ማለት አደጋ አለው።

[አጭር ሙዚቃ]

አሁን ኤሲ ወዳላችሁ እንምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ምክሩ ላይ የጠቀሰውን ቁጥር አስታውሱት፤ 27 ዲግሪ። ኤሲውን 27 ላይ አድርጋችሁ ቬንቲሌተር ጨምሩበት። ክፍሉ ለሰውነት 4 ዲግሪ ያህል የቀዘቀዘ ይመስለዋል፤ ለማቀዝቀዣ የሚከፈለውም ገንዘብ እስከ 70 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ከውጭ ስንገባ ሪሞቱን ይዘን 16 ላይ የምናደርሰው «ቶሎ ይቀዝቅዝ» ብለን ነው። ተራው ኤሲ ግን 16 ብትሉትም 27 ብትሉትም የሚሠራበት ጉልበት ያው ነው፤ ልዩነቱ 16 ላይ የተተወው አለማቆሙ ነው። ውጭው 42 ዲግሪ ሆኖ ውስጡን 16 ለማድረስ ሲታገል ያድራል፣ አይደርስምም።

የአየር ማጣሪያውን በየሁለት ሳምንቱ አውጥታችሁ በውሃ እጠቡት። በካምሲን ወቅት በየሳምንቱ ቢሆን ይሻላል፣ አቧራው ሲደፍነው ማሽኑ ብዙ ኃይል እየበላ ጥቂት ያቀዘቅዛልና። የውጪው ክፍል የባሕር ጨው ስለሚበላው ኤሌክትሪኩን ከቆጣሪው አጥፍታችሁ አልፎ አልፎ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት፤ ጥላ ይሁንለት፣ ግን ዙሪያውን አትክበቡት፣ ሙቀቱን የሚያወጣበት ነፋስ ያስፈልገዋል። የበሩን ስር በጨርቅ ድፈኑ። ከበር ስር እየፈሰሰ የሚወጣ ቅዝቃዜ ባለበት ክፍል ኤሲ መክፈት በወንፊት ውሃ እንደመቅዳት ነው። ቤተሰቡ ደግሞ በቀትር እረፍት ሰዓት በአንድ ክፍል ይሰብሰብ፤ ሦስት ክፍል በሦስት ኤሲ ከማቀዝቀዝ አንዱን በደንብ ማቀዝቀዝ ይበልጣል።

አዲስ ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ ኢንቨርተር የሚለውን ምረጡ። ተራው ማሽን ሙሉ ኃይሉን ይከፍታል፣ ያጠፋል፣ እንደገና ይከፍታል። ኢንቨርተሩ ግን ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ ይቀጥላል። እዚህ ከተማ ኤሲ በዓመት ወራት ሙሉ ስለሚሠራ የዋጋው ልዩነት ከቢሉ ይመለሳል። ያገለገለ አሮጌ ኤሲ በርካሽ መግዛት ግን ብዙ ጊዜ ኪሳራ ነው፤ ሲገዙት ያተረፉትን ቆጣሪው መልሶ ይወስደዋል።

ስለ ሌሎቹ ዕቃዎች ባጭሩ። የውሃ ማሞቂያ ያላችሁ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ከነጭራሹ አጥፉት። ጣሪያ ላይ ባለው ታንከር ውስጥ ፀሐይ የመታው ውሃ ራሱ ትኩስ ነው። ፍሪጁን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት፣ ከምድጃም ለዩት፣ በበሩ ጎማ መካከል ወረቀት ይዛችሁ ዝጉበትና ሳቡት፤ ያለ ችግር ከወጣ ጎማው አልቋል፣ ይቀየር። አምፖላችሁ አሁንም የድሮው ባለ 60 ዋት ከሆነ በኤልኢዲ ቀይሩት። አገር ቤት በ2002 ዓ.ም. ገደማ አሮጌው አምፖል በቆጣቢ አምፖል በነጻ ሲቀየር የነበሩ ሰዎች ያስታውሱታል፤ ያኔ የመጣው አምፖል እንኳ ዛሬ በኤልኢዲ ተበልጧል። የድሮው አምፖል ደግሞ ከሚበላው አብዛኛውን ወደ ሙቀት ነው የሚለውጠው፤ ያንን ሙቀት መልሳችሁ በኤሲ ታወጡታላችሁ።

የእንጀራ ምጣድ ግን ለብቻው ይነሳ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ያህል ይስባል፤ ሁለት ሰዓት ቢጋገርበት 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። እንጀራ እንተው የሚል ሰው የለም፤ የሚቻለው ሰዓቱንና አሠራሩን ማስተካከል ነው። ሊጡ ሁሉ ሲደርስ በአንድ ጊዜ ጋግሩ፣ ምጣዱን ማጋያው ብዙ ኃይል ይወስዳልና በሳምንት ሦስት ጊዜ ከማጋል አንድ ጊዜ ይበቃል። የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራዎች ኤሌክትሪኩን አጥፍታችሁ በቀረው ግለት አውጧቸው። ሌሊት ወይም ንጋት ላይ፣ ከተቻለ በረንዳ ላይ ይሁን፤ በቀትር ኤሲ ባለበት ቤት ውስጥ ከተጋገረ ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ፣ ለምጣዱና ሙቀቱን ለማስወጣት። ምጣድ የራሱ ወፍራም ገመድና የራሱ ማቋረጫ ይኑረው። ከኤሲ ጋር በአንድ ቀጭን ማራዘሚያ ላይ የተሰካ ምጣድ የብዙ ቤት ቃጠሎ መነሻ ነው።

አሁን የምነግራችሁን እባካችሁ በጥሞና ስሙ። ቡና የምናፈላው በከሰል ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ኤሲ የክፍሉን አየር ራሱን ያዞረዋል እንጂ ከውጭ ንጹሕ አየር አያስገባም። በሩና መስኮቱ በተዘጋ፣ ኤሲ በተከፈተበት ክፍል ከሰል ማቀጣጠል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታ የሌለው መርዝ ያከማቻል፤ ያፈዛል፣ ያስተኛል፣ ይገድላል። ቡናው በረንዳ ላይ ወይም በግቢ ይፈላ። የቀረው ፍምም ወደ መኝታ ክፍል አይግባ።

አብዛኞቻችሁ በዚህች ከተማ ተከራይ እንደሆናችሁ እናውቃለን፤ አራትና አምስት ሆናችሁ አንድ ክፍል የምትጋሩም ብዙ ናችሁ። መብራቱ በኪራዩ ውስጥ ተጨምሮ በቁርጥ ዋጋ ከሆነ ቁጠባችሁ ወደ ኪሳችሁ አይመጣም። በዚህ ላይ የምመክረው አለ። ከአከራያችሁ ጋር ውሉን ስታድሱ ለክፍላችሁ ንዑስ ቆጣሪ እንዲገባ ጠይቁ፣ የቆጣሪውን ቁጥርም በየወሩ አብራችሁ እያያችሁ ጻፉ። አከራዮችም ብትሆኑ ይጠቅማችኋል፤ ተከራዩ የሚከፍለውን ካወቀ መብራቱን በአግባቡ ይይዛል። ጣሪያውን በነጭ ማስቀባት ግን የአከራይ ኃላፊነት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቤቱ የእሱ ነውና።

በሰው ቤት ለምትሠሩ እህቶቻችንም አንድ ቃል። ፍሪጁን የምትከፍቱት፣ ማጣሪያውን የምታጥቡት፣ መስኮቱን የምትዘጉት እናንተ ናችሁ፤ ቤቱ የሚቆጥበው በእናንተ እጅ ነው። አሠሪዎች፣ ይህንን እወቁላቸው። ሠራተኛዋ የምትተኛበት ክፍልም ቬንቲሌተር ይኑረው።

አቅሙ ያላችሁ ደግሞ ስለ ፀሐይ ፓነል ታስባላችሁ። ፀሐይ እዚህ የምትጠፋ አይደለችም፤ ነገር ግን ፓነል ብርሃን ይወዳል እንጂ ሙቀት አይወድም። በጋለ ጣሪያ ላይ ተለጥፎ ሲተከል ከሚያመነጨው ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህሉን በሙቀት ያጣል። ከጣሪያው ከፍ ብሎ ነፋስ ከስሩ እንዲያልፍ ይተከል፣ አቧራውም በየሳምንቱ ይጠረግ። እንዲያውም ከፍ ብሎ የተተከለ ፓነል ለጣሪያው ጥላ ይሆነዋል። ባትሪ መግዛት ካልቻላችሁ አትጨነቁ፤ የቀትሩ ፀሐይና የቀትሩ ኤሲ በአንድ ሰዓት ነው የሚሠሩት።

በመጨረሻ፣ ቁጠባ ብላችሁ የማታደርጉት ነገር አለ። ቤታችሁ ውስጥ ጨቅላ ሕፃን፣ እርጉዝ፣ አዛውንት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመምተኛ ካለ በሙቀቱ ወራት ኤሲ ለእነሱ መድኃኒት ነው። ገንዘቡን ከሌላ ቦታ ቆጥቡ፣ የእነሱን ክፍል አቀዝቅዙ። በሙቀት የተጎዳ ሰው ንግግሩ ከተምታታ፣ ሰውነቱ ከጋለ ወይም ከወደቀ፣ ውሃ እያፈሰሳችሁ ነፋስ ስጡትና ሳትዘገዩ ሐኪም ቤት አድርሱት። ኤሲ ያላችሁ ጎረቤቶች፣ ካምሲን ሲበረታ በቀትር በራችሁን ለሰፈራችሁ አራሶችና አዛውንቶች ክፈቱላቸው። ከሚመጣው አርብ በፊትም ጣሪያችሁ ላይ ውጡና ቀለሙን ተመልከቱ፤ ነጭ ካልሆነ ሥራው ከዚያ ይጀመር። ለዛሬው እዚህ ላይ እናብቃ።

[የመዝጊያ ሙዚቃ]